ጃርት የመረጠው የአበባ ሥር

ተረት ተረት፤ ላሟን በረት አስገብቻታለሁና አሁን ስሙኝ።

እመት ሚዳቋ ለጥቢ ደጇን በአበባ ልታስውብ ፈለገች። ሽንኩርት የሚመስለውን የአበባ ሥር ቅርጫት ሙሉ ሰበሰበችና ከመትከሏ በፊት ሊቅ ላማክር አለች። ሥር በመቆፈር ከአያ ጃርት የሚስተካከል ሊቅ ደግሞ ከየት ይመጣል?

"አያ ጃርት፣ የትኛው ይተከል?" አለችው።

"ሥር በዓይን አይታወቅም፣ እመት ሚዳቋ፤ በጥርስ ነው" አለና ቅርጫቱን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። ጥሩ ጥሩውን "ይህ ግሩም ነው" እያለ ዋጠው፤ እሷም በየጉርሻው ራሷን እየነቀነቀች ትምህርት ቀሰመች። የመጨረሻውን ነከስ ሲያደርገው መረረውና ተፋው።

"ይህ እንኳ ለምንም አይሆንም፤ ከፈለግሽ ትከዪው" ብሎ ሆዱን እያሻሸ ሄደ። እሷም ተከለችው።

ክረምቱ አልፎ ጥቢ ሲገባ ያ የተተፋ ሥር ደም የመሰለ ቀይ አበባ አወጣ። ጎረቤት ሁሉ ሊያይ ጎረፈ።

"ማን መረጠልሽ?" አሏት።

እመት ሚዳቋ ኮራ ብላ፣ "አያ ጃርት ነዋ" አለች።

በማግስቱ በጃርት ጉድጓድ ደጃፍ ላይ ቅርጫት የያዘ ሰልፈኛ ተኮለኮለ።

ተረቴን ስትመልሱ፣ አፌን የምታብሱበትን ዳቦ በጃርት አታስመርጡት።