ግራሩ ላይ ያበጠው ቤት የማን ነው?

አንድ ጊዜ በሸለቆ ዳር የቆመ ግራርና አንዲት ትንሽ ተርብ ተካሰሱ። ተርቧ ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍ መርጣ ለጋ ቅጠል ወጋችና እንቁላሏን ጣለችበት። ቅጠሉ በተወጋበት ቦታ አብጦ አተር የሚያህል ቀይ ድብልብል ሆነ። ልጇም ከውስጥ ግድግዳውን እየበላ ያድግ ጀመር።

«ከገላዬ የተሠራ ስለሆነ ቤቱ የኔ ነው» አለ ግራሩ። «ቅጠሉን አራግፈዋለሁ።»

«እኔ ባልወጋህ መች ታበቅለው ነበር?» አለች ተርቧ። «ደግሞ ልጄ ገና አልደረሰም፤ አሁን ከጣልከው ይሞታል።»

አያ ጅቦ በዚያ ሲያልፍ፣ እንደ አገሩ ልማድ መንገደኛውን አስቁመው ዳኝነት ጠየቁት። ጅብ ድብልብሉን አየና ምራቁን ዋጠ።

«ሁለታችሁም የኔ ካላችሁ የማናችሁም አይደለም። ዳኛው ይብላው!»

«ኧረ ውስጡ ልጄ አለ!»

«እሰየው፣ ሥጋም አለበታ!»

ቁጥቋጦ ሥር የተጋደመችው እመት ቀበሮ ቀና አለች። «አያ ጅቦ፣ የዛፍ ሥራ ከሆነ ፍሬ ነው፤ የተርብ ሥራ ከሆነ ግን መርዝ አያጣውም። ቢጣራ አይሻልም?»

ጅብ ሆዱን ዳሰሰ። «እንዴት ይጣራል?»

«ተርቧ ድንጋይ ላይ እንቁላል ትጣል፤ ግራሩም ሌላ ቅርንጫፍ ላይ ብቻውን ቤት ይሥራ። እስከዚያ ይህን ቅጠል ማንም አይንካ።»

ጅብ ዛፉ ሥር ተኝቶ ጠበቀ። ድንጋዩ ላይ የተጣለው እንቁላል ደረቀ። ግራሩም ከቅጠል በቀር ምንም አላወጣም። በመሃሉ አንዲት ትንኝ መጥታ ሌላ ቅጠል ላይ እንቁላል ጣለች፤ እዚያ ጸጉራም፣ ሾጣጣ እባጭ በቀለ።

«ዛፉ ያው ነው፣ ቅርጹ ግን ሌላ» አለች ቀበሮ። «ግድግዳው ከግራሩ፣ ቅርጹ ከእንግዳው ነው። አንዱ ያለሌላው አይሠራም።»

«ብቻዬን የሠራሁት መስሎኝ ነበር» አለ ግራሩ።

«የሁለቱም ከሆነ መርዙም ግማሽ ነው!» አለና ጅብ ድብልብሉን ቀንጥሶ ነከሰው። አፉ ተኮማተረ። ከመራራ ልጣጭ በቀር ምንም አልነበረበትም። ፈተናው አንድ ወር ሲፈጅ፣ ልጁ በሦስተኛው ሳምንት ክንፍ አውጥቶ፣ ግድግዳውን በስቶ ሄዶ ነበር።

«ታውቂ ነበር አይደል?» አለ ጅብ እየተፋ።

«የተርብ ልጅ በስንት ቀን እንደሚደርስ ባለፈው ክረምት ቆጥሬያለሁ» አለች ቀበሮ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሁለት ወገኖች አብረው በሠሩት ነገር ላይ ለመፍረድ የቸኮለ እንደሚሳሳት፣ ጊዜ ወስዶ ያጣራ ግን እውነትንም ሕይወትንም እንደሚያተርፍ ነው።