እመት ዳልቺትና ሁለቱ ስልኮች

ተረት ጭኜ መጣሁ! «አውርደህ አራግፍልን» በሉኝ። እህ፣ ድምፃችሁ ደከመ፤ ደግማችሁ በሉኝ። እንዲያ ነው።

በድሮ በድሮ ዘመን፣ እንስሳት ሁሉ አፍ አውጥተው በሚናገሩበት፣ ዕቃም ሲነኩት «ቀስ በል እንጂ» በሚልበት ጊዜ፣ እመት ዳልቺት የምትባል አህያ ነበረች። «በዚያ ዘመን ስልክ ከየት መጣ?» የሚል ካለ እሱ ራሱ ይተርት፤ እኔ እንደሰማሁት ነው የማወራው።

እመት ዳልቺት አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ ስሟ ቡሊት ይባላል። ቡሊት ከገደሉ ማዶ ተድራ፣ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ፣ ቀኗ ተቃርቦ ነበር። በአገሩ ወግ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። ግን ክረምት ገባ። የገደሉ መንገድ ጠቦ ጠቦ ለአንድ ሰኮና ብቻ የሚበቃ ሆነ፤ ከባድ ሆድ ይዞ አይታለፍም። እናትየው ማዶ ሄዳ እንዳትከርም፣ የመንደሩን እህል ወደ ወፍጮ የምታመላልሰው እሷ ናት፤ እሷ ከቀረች መንደሩ ጦሙን ያድራል።

በገደሉ ውስጥ ደግሞ አያ ጅቦ አለ። አያ ጅቦ ምጥ የያዛት አህያ መሮጥ እንደማትችል ያውቃል። ማወቅ ብቻ አይደለም፤ ቀኑን እየቆጠረ ነበር።

ከቡሊት ጎረቤት፣ ዋሻ ውስጥ፣ ጃርት ይኖራል። ጃርት አንዲት አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልክ አለችው፤ ኩይሳ ላይ ካልወጣ ግን ኔትወርክ አያገኝም። ቡሊት ቁራን ወደ እናቷ ላከች። ቁራም በሮ መጥቶ እንዲህ አለ፦

«እማማ፣ ልጅሽ ‹ስልክ ግዢ› ብላለች። ምጡ ሲጀምራት ጃርት ይደውልልሻል፤ አንቺም ከአጎቶቿ ጋር ትደርሽላታለሽ። የጃርት ቁጥር ይኸውልሽ፤ እንደገዛሽ ደውዪለት፣ ያንቺን ቁጥር እንዲይዝ።»

እመት ዳልቺት ቁጥሩን እስኪበቃት ደጋግማ በቃሏ ያዘች። ቅዳሜ ሲደርስም ያጠራቀመችውን አንገቷ ላይ ቋጥራ ገበያ ወጣች።

በገበያው ስልክ የምትሸጠው እመት ጦጢት ናት። ሸራ ወጥራ፣ ሸራው ሥር ጉብ ብላ፣ ኦቾሎኒ እየፈለፈለች ትሸጣለች።

«እንደምን ዋልሽ፣ እመት ጦጢት?»

«እግዜር ይመስገን። ምን ልስጥሽ?»

«ስልክ። ለልጄ ጉዳይ ተራ ነገር አልገዛም። ከሁሉ የበላይ የሆነውን አምጪልኝ።»

ጦጢት ሁለት አወጣች። አንዱ መብረቅ፣ ሌላው ነጎድጓድ ይባላል። ቁመታቸው አንድ፣ ውፍረታቸው አንድ፣ ዋጋቸው አንድ። የአንዱ ጀርባ ጥቁር ነው፤ የሌላው ጀርባ ደግሞ ጥቁር ለመሆን ትንሽ የቀረው።

መብረቅ ተነሥቶ ፎከረ፦ «እኔ መብረቅ! ሦስት ዓይን አለኝ!»

«እኔም ሦስት!» አለ ነጎድጓድ።

«ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ብቆይ አልሞትም!»

«እኔም ግማሽ ሰዓት! ከዚያም ላይ ትንሽ እጨምራለሁ!»

«እኔ ጨረቃን አቅርቤ ፎቶ አነሣለሁ!»

«እኔ ጨረቃን ከነጠባሳዋ!»

እመት ዳልቺት ጆሮዋን አቆመች። «ጨረቃ ላይ ዘመድ የለኝም» አለች። «ከገደሉ ማዶ ታሰሙኛላችሁ ወይ?»

«እናሰማሻለን!» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። አንዱን አንሥታ ብትሄድ ኖሮ እኔም ተረት አልነበረኝም። ግን ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ ቆሞ ነበር። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል፤ ጥቁር መነጽር አድርጓል።

«ጥርሴን አሞኝ ነው የተከናነብኩት» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

እናንተ ማን እንደሆነ አውቃችኋል። አያ ጅቦ ነው። እሷ ግን አላወቀችም፤ በክረምት ገበያ ያልተከናነበ የለማ።

«እህቴ» አለ ድምፁን አለስልሶ፣ «እኔ ስልክ አዋቂ ነኝ፤ ብዙ አገር ዞሬያለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም? ዓይናቸው ሦስት ሦስት ነው፤ የማን ዓይን ነው አጥርቶ የሚያይ? እሱን ሳትለይ ገንዘብሽን ትሰጫለሽ?»

«እውነትዎን ነው፣ አባባ» አለች እመት ዳልቺት። ሽማግሌ አክባሪ ናት።

መብረቅ ፎቶ አነሣት፤ ነጎድጓድም አነሣት። በአንዱ ጆሮዋ ረዘመ፤ በሌላው አፍንጫዋ ሰፋ። «ጆሮው ይሻላል» ያለ አለ፤ «አፍንጫው ይሻላል» ያለም አለ። ገበያተኛው ለሁለት ተከፍሎ ሲከራከር ፀሐይ ጠለቀች። እመት ዳልቺት ባዶዋን ቤቷ ገባች።

ሁለተኛው ቅዳሜ ደረሰ። «ዛሬስ መብረቅን ይዤ እገባለሁ» ብላ ወጣች። ሽማግሌው ቀድሟት ሸራው ሥር ተቀምጧል።

«እህቴ፣ መጣሽ? እኔ ለአንቺ ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ። ዓይኑስ ይሁን፤ ባትሪውስ? ምጡ በመጣ ሰዓት ስልኩ ቢጠፋብሽ ምን ይውጥሻል? አብሪያቸውና ማን ቀድሞ እንደሚጠፋ እይ።»

ይህን ሲሰሙ ሁለቱ ስልኮች እልህ ያዛቸው። ቦግ ብለው በሩ። አረፋፈደ፣ ይበራሉ። ቀትር ሆነ፣ ይበራሉ። ዝናብ ጣለ፣ ይበራሉ። እመት ዳልቺት ዝናቡ ጀርባዋን እየደበደባት ቆማ ታያለች። ሊመሽ ሲል መብረቅ ጠፋ። አንድ ኦቾሎኒ ለመፈልፈል የሚበቃ ጊዜ እንኳ ሳይሞላ ነጎድጓድም ጠፋ።

«ነጎድጓድ በለጠ!» አለች እመት ዳልቺት።

«ቆይ እንጂ» አለ ሽማግሌው፣ «መብረቅ ግን ቶሎ ቻርጅ ይሞላል። አሁን ይህን ከዚያ ጋር ማመዛዘን ነው። ቤትሽ ሄደሽ ሳምንቱን አስቢበት።»

ረስርሳ ቤቷ ስትገባ ወንድሞቿ ጠበቋት። ሁለት ናቸው፤ እርግጫቸው የታወቀ ነው።

«የት አለ ስልኩ?» አላት ታላቁ።

«ገና እያመዛዘንኩ ነው።»

«ኧረ ሴትዮ! ስልክ ነው የምትገዢው ወይስ ሙሽራ?»

እሷ ግን አልሳቀችም። ፈርታ ነበር። ለልጇ ያነሰውን እንዳትገዛ ስለፈራች የቱንም ሳትገዛ ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ይህ ደግሞ ራሷንም ገርሟታል።

ሦስተኛው ቅዳሜ በጉም ነጋ። ጉሙ ከመክበዱ የተነሣ ሰው ጎረቤቱን የሚለየው በሳሉ ነበር። እመት ዳልቺት ዳሰስ ዳሰስ እያለች ገበያ ደረሰች።

«ዛሬ እወስዳለሁ» አለች።

ሽማግሌው ከጋቢው ውስጥ አዘነላት። «አይ እህቴ! ወሬ አልደረሰሽም መሰለኝ። በሚመጣው ወር የሁለቱም ታላቅ ወንድም ይገባል። አራት ዓይን ነው ያለው! ዛሬ ከገዛሽ ጸጸቱን አትችዪውም።»

የእመት ዳልቺት ጆሮ ተንጠለጠለ። አንገቷ ላይ ቋጠሮውን መፍታት ጀምራ ነበር፤ ተወችው። ይህን ጊዜ እመት ጦጢት ኦቾሎኒዋን ወርውራ ብድግ አለች።

«እኔ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ አንቺን ሳስተናግድ ሌላ ደንበኛ አላየሁም! ዋስ እጠራልሻለሁ፤ ውሰጂና ሂጂ።»

የዚያ ገበያ ወግ እንዲህ ነበር። ትልቅ ዕቃ የሚሸጥ፣ ገበያው ሁሉ የሚያውቀውን ዋስ ይጠራል። ዕቃው ነውር ቢገኝበት የሚያዘው ዋሱ ነው። ጦጢትም ኤሊን አስጠራች። ኤሊ ሲመጣ፣ ሲመጣ፣ ሲመጣ፣ እኔ እስከ አሁን ያወራሁትን ያህል ፈጀ። ደረሰና ሁለቱን ስልኮች ገልበጥ አድርጎ አያቸው።

«ለሁለቱም ዋስ ነኝ» አለ። «በጸጉር አይበላለጡም። ቢበላሹ እኔን ያዢኝ፤ እንደምታይው ሮጬ አላመልጥም።»

ገበያተኛው ሳቀ። ኤሊ ግን አልሳቀም። ኤሊ አጭር ነው፤ የቆመ ሰው የማያየውን ከሥር ያያል። ከጋቢው ጫፍ በታች ባለ ጥፍር እግር አየ፤ እግሩ ላይ የገደሉ ቀይ ጭቃ አለ።

«ለዕቃው ዋስ ተጠራ» አለ ቀስ ብሎ። «ለምክሩስ? የእርስዎ ዋስ ማን ነው፣ ጌታዬ?»

«የእኔ ዋስ… ሩቅ አገር ነው ያለው።»

«እዚህ ገበያ ውስጥ የሚያውቅዎት አንድ ሰው ይጥሩ።»

ሽማግሌው ጋቢውን ይበልጥ ወደ ዓይኑ ሳበ። እመት ዳልቺት ዞር ብላ አየችው። የስልኮቹን ጀርባና ሆድ ስታገላብጥ የከረመች ሴት፣ መካሪዋን ፊት ለፊት ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

«አባባ፣ እርስዎ ማን ነዎት?» አለች።

ሽማግሌው ወደ ኋላ አፈገፈገ። የሸራው ችካል ጋቢውን ያዘው። ጋቢው ወለቀ፤ ነቁጣ ነቁጣው ጀርባ ታየ።

«ጅብ!» ብሎ ገበያው ተበተነ።

አያ ጅቦ መነጽሩን ጥሎ ወደ ገደሉ፣ ወደ ጉሙ ሮጠ። እየሮጠም ሳቀ፦ «አንቺ ምረጪ፣ እኔ ልብላ!»

እመት ዳልቺት ቋጠሮዋን በጥርሷ በጥሳ ጦጢት እግር ላይ ጣለችው።

«ስጪኝ!»

«የትኛውን?»

«ለእጅሽ የቀረበውን!»

ጦጢት አንዱን አንሥታ ሲም ካርድ ከተተችበትና ሰጠቻት። ስልኩ አልፎከረም። «ቁጥሩን ንገሪኝ» አለ ብቻ። ነገረችው። አንድ ጊዜ ጠራ። ሁለት ጊዜ ጠራ። በሦስተኛው ተነሣ።

«ሃሎ! ሃሎ! ማን ልበል?» አለ ጃርት።

«ዳልቺት ነኝ! ልጄስ?»

«እማማ! ከማለዳ ጀምሮ ምጥ ላይ ናት። ቁራን ልልክ ብል ጉሙ አላስበርር አለው። በየት ላግኝሽ?»

«ስማኝ፣ ጅቡ ወደ እናንተ እየሮጠ ነው። ዋሻህ አስገባት። አንተ የዋሻው አፍ ላይ ተቀመጥና እሾህህን ሁሉ አቁም። እየመጣን ነው፤ እስክንመጣ እንዳትነቃነቅ!»

«እሺ እማማ» አለ ጃርት። ከኩይሳው ሲወርድ ተሰማት። እሷም ወንድሞቿን ከቤት ጠርታ ወደ ገደሉ ገሠገሠች።

ጅብ ፈጣን ነው፤ ድምፅ ግን ቀደመው። አያ ጅቦ ዋሻው ጋ ሲደርስ በሩ እሾህ ሆኖ ጠበቀው። አፍንጫውን ላከ፤ ተወጋ። እግሩን ላከ፤ ተወጋ። «ዞሬ በቂጤ ልግፋው» ብሎ ዞረ፤ የዚያንስ አትጠይቁኝ። ያን እየነቀለ ሳለ ከጉሙ ውስጥ የሰኮና ድምፅ መጣ። እመት ዳልቺትና ሁለቱ ወንድሞቿ ነበሩ። በጠባቧ መንገድ እንዴት እንደተሻገሩ እነሱም አያውቁት። አንዱ ከቀኝ ረገጠው፣ አንዱ ከግራ ረገጠው፤ እመት ዳልቺት መጨረሻ ላይ ደርሳ የሦስት ቅዳሜውን ሁሉ በአንድ እርግጫ ሰጠችው። አያ ጅቦ ከዚያ አገር ጠፋ።

በዋሻው ውስጥ ቡሊት ወለደች። ውርንጭላዋ ሴት ናት። እግሯ ከሰውነቷ ይረዝማል፤ ለመቆም ትነሣለች፣ ትወድቃለች፣ ደግማ ትነሣለች። ጃርት ደስ ብሎት እንዳያቅፋት ሁሉም በአንድ ላይ ጮኹበት።

«ለመሆኑ የቱን ገዛሽ?» አላት ታላቅ ወንድሟ። «መብረቅን ነው ነጎድጓድን?»

እመት ዳልቺት ስልኩን ገልብጣ አየችው። ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

«አላውቅም» አለች፤ ሁሉም ሳቁ።

ቡሊት ግን አልሳቀችም። አንገቷን እናቷ አንገት ላይ ጣል አድርጋ እንዲህ አለች፦

«እማዬ፣ ቁራን ከላክሁ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ኩይሳው ሥር ቆሜ ነው የምውለው። ጃርት ስልኩን ይዞ ከላይ፣ እኔ ከታች። ‹ዛሬ ገበያ ነው፤ ገዝታ ትደውልልኛለች፤ ድምጿን እሰማለሁ› እለው ነበር።»

እመት ዳልቺት የሁለቱን ስልኮች ዓይን ታውቃለች፤ ባትሪያቸውን ታውቃለች፤ ውኃ ውስጥ ስንት እንደሚቆዩ ታውቃለች። ይህን ግን አላወቀችም ነበር። የልጇን ግንባር እየላሰች አለቀሰች።

እኔ የሰማሁትን አወራሁ፤ የረሳሁትን የምታውቁ ሙሉበት። ልብ በሉ፦ ሁለቱም ጥሩ ከሆኑ አንዱን አንሡ፤ የተሻለውን ስታመዛዝኑ ማዶ ቆሞ የሚጠብቃችሁ አለ።