የጓሳ በሩ አበጋዝ

በእኛ አገር ማኅበርተኛው ሰብሳቢ ሊመርጥ ሲቀመጥ፣ ወይም ጎረምሶች «መሪያችን ይህ ጎበዝ ይሁን!» ብለው ሲንጫጩ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርግና አንዲት አጭር ተረት ጣል ያደርጋል። ሰዉ ይስቃል፣ ምርጫውም እንደገና ይታሰብበታል። ተረቷን የማያውቅ የለም፤ ከየት እንደመጣች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የመጣችው ከአንድ የገና ዕለት ጨዋታ ነው። አጎቴ ያን ቀን ከተመልካቾቹ መሃል ስለነበር፣ ባወራው ቁጥር ሳቁ ወሬውን ያቋርጠው ነበር።

ጓሳ በርና ብሳና ማዶ አንድ ሰፊ መስክ የሚለያቸው ጎረቤታሞች ናቸው። በየዓመቱ በገና በዓል የሁለቱ አገር ጎልማሶች ቆልማማ ዱላቸውን ይዘው እዚያ መስክ ላይ ይገናኛሉ። ከእንጨት የተጠረበች ጥንግ መሃል ላይ ትጣላለች፤ እየመታ ከባላጋራው ድንበር ሦስት ጊዜ ያሳለፋት ወገን ያሸንፋል፤ የመቺውን እግር ነክታ ያለፈች ግን አትቆጠርም። ሁለቱም ወገን የየራሱ አበጋዝ አለው። አበጋዙ ተጫዋቾቹን ይመርጣል፣ ለየሰዉ ቦታ ይሰጣል፣ ጠብ ሲነሳም ከወዲያኛው አበጋዝ ጋር ተነጋግሮ ይፈርዳል።

የጓሳ በር አበጋዝ ለረጅም ዘመን አያ ውቤ ነበሩ። አያ ውቤ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ ጥንግ መምታት በወጣትነታቸውም አልሆነላቸውም። ዱላቸውን ከሰነዘሩ ወይ መሬቱን ይቆፍራሉ፣ ወይ የገዛ ወዳጃቸውን ቅልጥም ያገኛሉ። ጓንጉል የሚባለው ጎልማሳ ግን ሌላ ነበር። ጓንጉል አንዴ ከመታት ጥንጓን ፈልጎ የሚያገኛት ውሻ ብቻ ነው ይባል ነበር። ሲሮጥ ንፋስ ነው፣ ሲያታልል ጥላው እንኳ ወዴት እንደሚዞር አያውቅም። ከብሳና ማዶ ሳይቀር እሱን ለማየት ብቻ የሚመጣ ሰው ነበር።

ታዲያ ጓሳ በር ሁለት ዓመት ተከታትሎ ተሸነፈ። በሦስተኛው ዓመት በዓሉ ሲቃረብ ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ።

«ጥንግ መምታት የማይችል ሰው እንዴት ለተጫዋች አበጋዝ ይሆናል?» አለ አንዱ።

«ጓንጉል እያለ!» አለ ደምሌ። ደምሌ የጓንጉል የልብ ወዳጅና ጥንጓን ከመሃል እየነጠቀ የሚያቀብለው ሰው ነው። «ከሁላችንም የሚበልጠው እሱ፤ የሚመራንስ ለምን ሌላ ይሆናል?»

አያ ውቤ ይህን ሲሰሙ አልተቆጡም። «መልካም ነው፤ ይሞክረው» አሉና የአበጋዝነቱን ነጭ ሻሽ ከራሳቸው ላይ ፈትተው በገዛ እጃቸው ለጓንጉል አሰሩለት። ጓንጉል ያን ሻሽ አስሮ በመንደሩ ሦስት ጊዜ ዞረ፤ በሁለቱ ዙር ምንም ጉዳይ አልነበረውም።

በዋዜማው የብሳና ማዶ አበጋዝ አያ ቸኮል ሊጎበኘው መጣ። አያ ቸኮል ጥንግ መምታት ከተወ ዘመን ያለፈው፣ ዓይኑ ግን ገና ሮጦ ያልደከመ ሽማግሌ ነው።

«እንኳን ደስ ያለህ ጓንጉል። እንደው ዘንድሮ ጨዋታው ሞቅ እንዲል ውርርድ ብናደርግበትስ? የተሸነፈው አገር ላሸነፈው ክምሩን ይውቃለት።»

«ይሁን!» አለ ጓንጉል፣ ትንፋሽ እንኳ ሳይስብ።

«ደግሞ በየጠቡ ጨዋታው እየቆመ ሰው ይሰለቻል። ጠብ ሲነሳ እኔና አንተ፣ ሁለታችን አበጋዞች፣ ወጣ ብለን እንፍረድ፤ ሌላው መጫወቱን ይቀጥል።»

«ይሄማ ግሩም ነው! እኔም ቆሞ መጠበቅ አልወድም።»

አያ ቸኮል ጉልበቱን ስሞ ሊመርቀው ምንም አልቀረው፤ እየሳቀ ወደ አገሩ ሄደ።

የጓንጉል ሚስት ጠጅቱ ከጓዳ ሆና ሁሉን ሰምታ ነበር። «የማንን ጉልበት ነው ያስያዝከው?» አለችው። «የእኛ እህል ገና በክምር ላይ ነው፤ ሰማዩም እየጠቆረ ነው። መንደርተኛው ሁሉ የሌላ አገር ክምር ሲወቃ ከዋለ፣ የእኛን ዝናብ ሊበላው ነው። ማንን ጠየቅህ?»

«ማንን ልጠይቅ? አበጋዙ እኔ አይደለሁም እንዴ!» አላትና ዱላውን ቅቤ መቀባት ጀመረ።

በበዓሉ ቀን ጥንጓ ገና ከመጣሏ ጓንጉል «ለእኔ! ለእኔ አቀብሉ!» እያለ መስኩን ሞላው። ሰዉ ሁሉ አቀበለው። ጥንጓን ይዞ ሁለት ሰው አታልሎ ሦስተኛውን ሊያልፍ ሲል፣ «አበጋዝ! ዳኝነት!» የሚል ድምፅ ተሰማ። አያ ቸኮል ነው። አንድ የብሳና ማዶ ሰው ቅልጥሙን ይዞ መሬት ላይ ይንከባለላል።

ጓንጉል ጥንጓን ትቶ ወጣ። «ማነው የመታው?» አለ።

«ያ ረጅሙ ይመስለኛል» አለ አያ ቸኮል። «ወይም ያ ጠይሙ። ቆይ፣ ልጁን እንጠይቀው…»

ሲጠያየቁ ከኋላቸው ጩኸት ቀለጠ። ብሳና ማዶዎች ጥንጓን ከጓሳ በር ድንበር አሳልፈዋል።

ጓንጉል እየተቃጠለ ተመለሰ። ጥንጓን እንደያዘ እንደገና «አበጋዝ! ዳኝነት!» ተባለ። አሁን ደግሞ የተመታው ሌላ ነው፤ ያለቅሳል፣ ግን እንባ የለውም። ጓንጉል እዚያው ቆሞ ሲከራከር ሁለተኛዋ ገባችበት። አያ ቸኮል ያለ ምንም ሩጫ፣ በአንድ ሽማግሌ አፍ የአገሩን ምርጥ ተጫዋች ከሜዳ አስወጥቶት ነበር። ጓንጉል ግን ይህ አልታየውም፤ የታየው ደምሌ ነው። ደምሌ ጥንጓን በደንብ አላቀበለውም፣ ከእጁ እያመለጠችው ነበር።

«አንተ ነህ ያጠፋኸን!» ብሎ በሰው ፊት ጮኸበት። «እጅ ነው የያዝከው ወይስ ዘነዘና?»

 ደምሌ ዱላውን መሬት ላይ ጣለ። «በል እንግዲህ፤ አበጋዙም አንተ፣ ተጫዋቹም አንተ፣ ብቻህን ተጫወት» አለና ከሜዳው ወጣ። ሁለት ሌሎች ሰዎችም ተከተሉት። ወዲያው የብሳና ማዶ ሴቶች እያጨበጨቡ ገጠሙ፦

«አበጋዙ ጓንጉል ሻሽ ጠምጥሞ ሲያምር፣
መንሹን ይዞ መጣ ሊወቃ የኛን ክምር!»

የዕረፍት ጊዜ ሆነ። ጓንጉል ብቻውን ተቀመጠ፤ ውሃ ያቀበለውም የለም። ከመስኩ ማዶ የመንደሩ ክምሮች ይታያሉ፣ ከክምሮቹ በላይ ደግሞ ጥቁር ደመና።   ቀና ሲል አያ ውቤን ከተመልካቾች መሃል አያቸው። የደምሌን ቀኝ እጅ ይዘው በጨርቅ እያሰሩለት ነው። ተነስቶ ሄደ።

«ምን ሆነ?» አለ።

«ጣቱ ተሰብሯል መሰለኝ» አሉ አያ ውቤ፣ ቀና ሳይሉ። «ገና በመጀመሪያው ግፊያ ነው የተመታው። እስካሁን በአንድ እጁ ነው ሲጫወትልህ የቆየው። አልነገረህም?»

 «አልጠየቅኩትም» አለ ጓንጉል።

ሻሹን ከራሱ ፈታ። «አያ ውቤ፣ ይቅር ይበሉኝ። ይህን እርስዎ ይሰሩት። እኔ ጥንጓን ሳይ ሰዉን አላይም፤ ሰዉን ላይ ስል ደግሞ ጥንጓ ታመልጠኛለች።»

«እኔ መች ተቀየምኩህ? የተቀየመህ እዚህ ተቀምጧል» አሉት።

ጓንጉል ዱላውን እንደ ይቅርታ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አጋድሞ ደምሌ ፊት ጎንበስ አለ። ደምሌ ፊቱን አዞረ።

«ዘነዘና ነው ያልከኝ።»

«አዎ።»

«በሰው ፊት።»

«በሰው ፊት አጠፋሁ፣ በሰው ፊት ይቅርታ እልሃለሁ!» ብሎ ጓንጉል ድምፁን ከፍ አደረገው። «ዘነዘናው እኔ ነኝ! ሰምታችኋል?» ተመልካቹ በሳቅ ፈረሰ። ጠጅቱ «ሰምተናል!» ብላ ከሁሉ በላይ ጮኸች። ደምሌ ላለመሳቅ ታገለ፤ አልቻለም።

«ግራ እጄን ብቻ ነው የምሰጥህ» አለ።

«ግራ እጅ ይበቃል» አሉ አያ ውቤ ሻሹን እያሰሩ። ደምሌን ከግፊያው አውጥተው ከብሳና ማዶ ድንበር አጠገብ፣ ጥግ ላይ አቆሙት። የወጡትን ሁለቱን ሰዎችም በስማቸው ጠርተው፣ አንዱን ስለ እናቱ ጤና፣ ሌላውን ስለጠፋችው በቅሎው ጠይቀው መለሷቸው።

ጨዋታው ቀጠለ። ጓንጉል ጥንጓን ሲይዝ አያ ቸኮል እንደለመደው «አበጋዝ! ዳኝነት!» አለ። አያ ውቤ ቀስ እያሉ መጡና ተቀመጡ። «እንደምን ዋልክ ቸኮል? ቤተሰብ ደህና? ያቺ ቡሬ ላም ወለደች?»

«ወለደች… ኧረ ፍርዱን እንጨርስ!»

«ፍርድ ይቸኩላል እንዴ? ወይፈን ነው ጊደር?»

ወይፈን ነው ሲል ጓንጉል አንዷን አሳለፈ። የላሚቱን ወተት ሲያወጉ ሁለተኛዋ ተከተለች። አያ ቸኮል ሊነሳ ሲል አያ ውቤ ክንዱን ይዘው «ቆይ እንጂ፣ የተመታው ልጅህን ሳንጠይቀው!» ይሉታል።

ሁለት ለሁለት ሆኑ። ጓንጉል ሦስተኛዋን ሲያሳልፍ ጓሳ በር በእልልታ ተናወጠ፤ ብሳና ማዶዎች ግን «እግሩን ነክታለች!» ብለው ጮኹ። ሁሉም ወደ አበጋዞቹ ዞረ።

«ነክታዋለች» አሉ አያ ውቤ። «አይቻለሁ። አትቆጠርም።»

ጓንጉል ጮኸባቸው። «አያ ውቤ! እርስዎ የማን አበጋዝ ነዎት?»

«ያንተ። ነክታሃለች ወይስ አልነካችህም?»

ጓንጉል ሰማዩን አየ፣ ክምሩን አየ። «ነክታኛለች» አለ።

«በል ተመለስ።»

ከዚያ በኋላ አያ ቸኮል ዳኝነት አልጠራም፤ አፍሮ ይሁን ሰልችቶት አልታወቀም። ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ብሳና ማዶዎች በሙሉ ጓንጉልን እንደ ንብ ከበቡት። ጓንጉል ዱላውን ወደ ላይ አነሳ፤ ሁሉም ወደ ድንበሩ ሊመታት ነው ብሎ ዘለለ። እሱ ግን በመሃላቸው በዝቅታ ወደ ጥጉ ገፋት። ደምሌ በግራ እጁ አገኛት። አመታቱ አያምርም ነበር፤ ጥንጓ እንደ ሰካራም እየተወላገደች፣ እየቆመች፣ እየተንከባለለች ሄደችና ድንበሩን አለፈች።

በማግስቱ ብሳና ማዶዎች ቃላቸውን አክብረው መንሻቸውን ይዘው መጡ። አያ ውቤ ግን «ዝናቡ የናንተንም አይምርም፤ የእኛ ሲያልቅ ሁላችንም ወደናንተ እንሻገራለን» ብለው የገዛ አገራቸውን ሰው በሙሉ «ትስማማላችሁ?» ሲሉ ጠየቁ፤ አገሩም እሺ አለ። የሁለቱም እህል ሳይረጥብ ጎተራ ገባ።

በአውድማው ዳር ጠላ ሲጠጣ ጎረምሶቹ ያሸነፈው የጓንጉል ጉልበት ነው፣ የለም የአያ ውቤ ዘዴ ነው እያሉ ይከራከሩ ጀመር። ጓንጉል ራሱ እየሳቀ ወደ አያ ቸኮል ዞረ። «እስቲ እርስዎ ይፍረዱ፤ ዳኝነት ይወዳሉ። እኔ የእርስዎ ተጫዋች ብሆን አበጋዝ ያደርጉኝ ነበር?»

«እንዳንተ ያለ መቺ ቢኖረኝ በወርቅ ዱላ ነበር የማጫውተው» አለ አያ ቸኮል። «አበጋዝ ግን አላደርግህም።»

«ለምን?»

ሽማግሌው ከጢሙ ላይ ገለባውን አራገፈ፤ ሻሹን ሲነጠቁ ያልተቀየሙትን፣ የገዛ ወገናቸው ሲጮህባቸው ያልተቆጡትን ሆደ ሰፊውን አያ ውቤን በአገጩ እያመለከተ እንዲህ አለ፦ «ጥንግ በክንድ፣ ሰው በሆድ።»