ሽማግሌ ሳይመለስ የተጣለ ዳስ

«አንድ ባለወፍጮ ነበረ። ወፍጮ ነበረው፤ ሚስት ግን አልነበረችውም።»

መምህር ልዑልሰገድ ይህን ያሉት ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ ጥለው ነው። ፊት ለፊታቸው ኤፍራታ ተቀምጣለች። ለሥራ መቀጠሪያ የሚሰጠውን የማመዛዘን ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቃለች፤ ሦስተኛው የመጨረሻዋ ነው። አሁንም ያንኑ ጥያቄ መልሳ ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ ‹ያለ እሱ አይሆንም› እና ‹እሱ ካለ ይሆናል› ልዩነታቸው ምንድን ነው? ለኔ አንድ ናቸው።»

በቀስት አስረድተዋታል። ክብ ውስጥ ክብ ስለውላታል። አንገቷን ነቅንቃ፣ «ገባኝ» ብላ፣ ዞር ብላ ያንኑ ስሕተት ሠርታለች። ስለዚህ ቀስቱንም ክቡንም ከሰሌዳው አጠፉና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«አትጻፊ። ዝም ብለሽ ስሚ።»

ባለወፍጮው አንዲት ልጅ ወደደ። የንብ አናቢ ልጅ ናት። ጤፍ ልታስፈጭ ስትመጣ ወረፋዋን ይዛ ትቆማለች፤ እሱም ፊቱ ላይ የተነሰነሰውን ዱቄት ጠርጎ ያያታል። ያያታል እንጂ አያናግራትም። ሞተሩ ይጮኻል፤ ማንም ማንንም አይሰማም። ይህ ለሱ ጥሩ ምክንያት ሆነለት።

አንድ ቀን አባትየውን መንገድ ላይ አገኘውና «ልጅዎን ይስጡኝ» አለው። እንዲሁ፣ በቆመበት።

ንብ አናቢው ደሙ ፈላ። «መንገድ ላይ! እኔ ቤት ያለ ሽማግሌ ልጅ አይሰጥም!» ብሎት ትቶት ሄደ።

ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ቤቱ ይገባ ነበር። ባለወፍጮው እየፈነጠዘ ገባ። ያለ ሽማግሌ አይሰጥም አለ፤ እንግዲያው በሽማግሌ ይሰጣል። ሰውየው ቃል ገባልኝ፤ አለቀ።

በሰፈሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። ለዕርቅም ለሰርግም የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ እንቢ ማለት ግን አልለመደባቸውም። የዚህ ታሪክ ድካም ሁሉ የወደቀው በሳቸው ጉልበት ላይ ነው።

«አባትየው ምን አለህ?» ብለው ጠየቁት።

«ሽማግሌ ላክ አለኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ያስፈልጋል፣ አባባ?»

አዛውንቱ እዚህ ላይ ቆም ማለት ነበረባቸው። አላሉም። ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው፣ ዱላቸውን ይዘው ሄዱ።

ወጉን ታውቂዋለሽ። ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ እንደገባ አይቀመጥም። በር ላይ ይቆማል። «ኧረ ተቀመጡ» ቢባልም «የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም» ይላል። አዛውንቱም ቆሙ። ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ፤ ቆሙ። ንብ አናቢው ይህን ሲያይ ቁጣው በረደ።

«አሁን የሰው ወግ ሆነ። እንመካከርበታለን፤ ልጅቷንም እንጠይቃለን። በሳምንቱ ተመለሱ» አለ።

ይህ ቀጠሮ ነው። ቀጠሮ «አልሰጥም» አይደለም፤ «ሰጠሁ»ም አይደለም። ሽማግሌ የሆነ ሁሉ ይህን ያውቃል።

አዛውንቱ የምሥራች ባይሆንም ደህና ወሬ ይዘው ወደ ባለወፍጮው ቤት ሲመለሱ፣ ግቢውን አላውቀው አሉ። የባሕር ዛፍ ምሰሶ ቆሟል። ሸራ ተወጥሯል። መሬቱ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ሴቶች ሽንኩርት እየከተፉ ያለቅሳሉ። ጠዋት ጥግ ላይ ታስሮ ያዩት በሬ የለም፤ ቆዳው አጥር ላይ ተሰጥቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዳስ ነዋ፣ አባባ!»

«የምን ዳስ?»

«የሰርጌ።»

«ማን ሰጠህ?»

«እንዴ! እናንተ ሄዳችሁ የለም ወይ?»

«ሄድን።»

«ቆማችሁ ለመናችሁ የለም?»

«ለመንን።»

«እንግዲያውማ!»

አዛውንቱ ዱላቸውን ከፍ አደረጉ። ከዚያ ዕድሜያቸውን አሰቡና መልሰው መሬት ላይ ተከሉት። በሚያውቀው ነገር ላስረዳው አሉ።

«ስማኝ ልጄ። ወፍጮህ ያለ ነዳጅ ይዞራል?»

«በምን ኃይሉ!»

«ነዳጅ ሞልተህበት የማዞሪያው ቺንጋ የተበጠሰ ዕለትስ?»

«አይዞርማ።»

«እንግዲህ ነዳጁ ባይኖር አይዞርም፤ ስላለ ብቻም አይዞርም። አየህ?»

«አየሁ።»

«ሽማግሌም እንደዚያ ነው።»

ባለወፍጮው አሰበ። እውነትም አሰበ፤ ግንባሩ ተሸበሸበ። «አባባ» አለ በመጨረሻ፣ «ያ ሞተር ነው። ይሄ ሰርግ ነው።»

ሽንኩርት ከታፊዎቹ ሳቁ። አዛውንቱ አልሳቁም።

ሳምንቱን ሙሉ ባለወፍጮው እንቅልፍ አልወሰደውም። ለምን ወዲያው አልሰጡኝም? አገላብጦ አገላብጦ አንድ መልስ አገኘ፤ ሽማግሌው አንሶ ነው። ሦስት ሰው ምን አላት! ስለዚህ ጨመረ። የደብሩን አለቃ ለመነ። ሐጂውን ለመነ። ጡረታ የወጡትን ዳኛ፣ የዕድሩን ሹም፣ ከንፈራቸውን ከመምጠጥ በቀር ቃል የማይወጣቸውን አንድ የጦር ሰው ጭምር ለመነ። ልጅቷ በዚያው ሳምንት ጤፍ ይዛ መጥታ ነበር። ወረፋ ጠብቃ፣ አስፈጭታ፣ ዱቄቷን ተሸክማ ሄደች። ሽማግሌ በመሰብሰብ ስለተጠመደ ቀና ብሎም አላያት።

በቀጠሮው ቀን ያ ሁሉ ሰው በንብ አናቢው በር ላይ ቆመ። ፊተኞቹ ደጃፉን ሞሉት፤ ኋለኞቹ ቀፎ እንዳይነኩ እየተጠነቀቁ ጓሮ ድረስ ተሰለፉ።

ንብ አናቢው ወጥቶ አያቸው። «ምን ተፈጠረ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«የለም፣ የለም» አሉ አዛውንቱ፤ ፊታቸው በኀፍረት ጋለ። «ያው ያለፈው ጉዳይ ነው።»

«ያለፈው ጉዳይ? ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ለምን? ሽማግሌ አነሰኝ ያለ አለ? ያለ ሽማግሌ አይሆንም አልኩ እንጂ፣ ሽማግሌ ከመጣ ይሆናል መቼ አልኩ?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጅቷን ጠይቄያታለሁ። ‹ሳይጠይቀኝ ዳስ የጣለ ሰው፣ ካገባኝ በኋላ ምን ሊጠይቀኝ ነው?› አለችኝ። አባቶቼ፣ የኔ ቤት ነገር ይሄው ነው። ሽማግሌ መጥቶ፣ እሷም እሺ ካለች፣ ከዚያ ወዲያ የምጠይቀው የለኝም። አንዱ ከጎደለ ግን፣ ሌላው አገር ቢያክል አልሰጥም።»

የጦር ሰውየው ከንፈራቸውን መጠጡ።

ያን ጊዜ አዛውንቱ ተቀመጡ።

ደጃፉ ላይ ካለው መደብ ላይ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሐል አድርገው፣ ቁጭ አሉ። ሰው ሁሉ ደነገጠ። አለቃው ጎንበስ ብለው «ኧረ ምን ነካዎት! ገና አልተሰጠንም እኮ!» ብለው አንሾካሾኩ።

«አውቃለሁ» አሉ አዛውንቱ። «ለዚያ ነው የተቀመጥኩት። ከእንግዲህ ሽማግሌ አይደለሁም፤ እግሩን ያመመው እንግዳ ነኝ።»

ንብ አናቢው ሳቀ። ማር በሰፈፉ ቀረበ፤ ያ ሁሉ ሰው በልቶ ተበተነ። ልጅቷ ግን አልተሰጠችም።

ብዙም አልቆየ። አንድ ልብስ ሰፊ የአዛውንቱን በር አንኳኳ። ጣቱ ላይ መስፊያው የወጋው ጠባሳ አለ፤ ከዚያ በቀር የሚታወቅበት ነገር የለም።

«አባባ፣ ለሽምግልና ፈልጌዎት ነበር። ወደ ንብ አናቢው ቤት።»

አዛውንቱ በሩን ሊዘጉበት ምንም አልቀራቸው። «ቆይ፣ ቆይ! ልጅቷ ታውቃለች?»

«ታውቃለች እንጂ። ወደ እርስዎ የላከችኝ እሷ ናት። ‹ሌላ ሰው እንዳታስቸግር፤ እሳቸው ብቻ ይምጡ፤ ግን እንዲቀመጡ ንገራቸው› ብላለች።»

አዛውንቱ ብቻቸውን ሄዱ። ለወጉ ያህል ትንሽ ቆሙ። ልጅቷ ወጥታ እሺ አለች። ተቀመጡ።

የባለወፍጮው ዳስ እስከዚያ አልፈረሰም ነበር። ሙሽራው ድሃ ነው፤ አዲስ ዳስ ለመጣል ጊዜም አቅምም የለውም። ባለወፍጮውም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ተጠየቀ፣ ፈቀደ። ስለዚህ የወደዳት ልጅ እሱ በጣለው ዳስ ሥር ተዳረች፤ እሱም ጥጉ ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑ እንደዚያን ዕለት ሽንኩርት ከታፊዎች ቀልቶ፣ ሰርጉን በላ። አዛውንቱ አዘኑለትና አጠገቡ ተቀመጡ። ምናልባት አሁን ገብቶት ይሆናል አሉ በልባቸው።

«አባባ» አላቸው፣ «አሁን ገባኝ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን! ምን ገባህ?»

«እኔ ያን ሁሉ ሽማግሌ ልኬ ተከለከልኩ። ሽማግሌ ለካ ለምንም አይጠቅምም።»

አዛውንቱ ጉርሻቸውን አስቀመጡ።

ክረምቱ እንዳለፈ ባለወፍጮው ሌላ ልጅ ወደደ። በዚህኛው ጊዜ ልጅቷን ራሷን ጠየቀ፤ ይህን እንኳ ተምሮ ነበር። እሷም እሺ አለችው። ከዚያ ሽማግሌ ሳይልክ፣ ብቻውን፣ ዘው ብሎ አባቷ ግቢ ገባ። ውሻ ፈቱበት። ባቱን ነክሶት፣ እያነከሰ የሮጠው ወዴት ይመስልሻል? ወደ አዛውንቱ ቤት። ያስታርቁት ዘንድ ዱላቸውን አንስተው፣ ጉልበታቸውን እየረገሙ፣ ደግሞ ወጡ።

መምህር ልዑልሰገድ እዚህ ላይ አቁመው ወደ ኤፍራታ ዞሩ።

«እንግዲህ አዛውንቱ እኔ ነኝ፤ ጉልበቴን አድክመሽዋል። ባለወፍጮው ደግሞ አንቺ ነሽ። ጥያቄው ‹ያለ መታወቂያ ማንም ወደ አዳራሹ አይገባም› አለሽ። አንቺ ‹መታወቂያ የያዘ ሁሉ ይገባል› የሚለውን መረጥሽ። ሽማግሌ ስለተላከ ዳስ ጣልሽ! መታወቂያው ግድ ነው፤ ብቻውን ግን አያስገባም። ያረፈደስ? ያልተመዘገበስ? ቀጥሎ ‹መታወቂያ ይዞ ከበር የተመለሰ ሰው አለ› ሲልሽ፣ ‹ስለዚህ መታወቂያ አያስፈልግም› ብለሽ አከበብሽ። ይሄ ደግሞ ብቻን ሄዶ በውሻ መነከስ ነው። ብቻውን ስላልበቃ አላስፈለገም ማለት አይደለም።»

«ብቻውን የሚበቃስ ነገር የለም፣ ጋሼ?»

«አለ እንጂ። ውሻው! ውሻ የነከሰው ይሮጣል፤ ለመሮጥ ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም። ግን የሚሮጥ ሰው ባየሽ ቁጥር ውሻ ነክሶት ነው አትይም፤ ታክሲ አምልጦት ሊሆን ይችላል። ይበቃል፤ ግድ ግን አይደለም። ሽማግሌው ግድ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ጥያቄ ባነበብሽ ቁጥር ራስሽን ጠይቂ፤ ይሄ ሽማግሌው ነው ወይስ ውሻው?»

ኤፍራታ ወረቀቷን ስባ፣ ሁለቱን መልሶች ሰርዛ፣ ትክክለኞቹን አከበበች። መምህሩ ጎንበስ ብለው አዩ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻቸው ዘና አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ ካልገባኝ ፈተናውን አላልፍም አይደል?»

«አታልፊም።»

«አሁን ደግሞ ገባኝ።»

«ገብቶሻል። ጎበዝ።»

ፊቷ በራ። ብድግ ብላ ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። «እንግዲያው ለእማዬ ልደውልላት። አለፍኩ ልበላት!»

መምህር ልዑልሰገድ ጣራውን አዩ። ትቀልድባቸው ይሁን ከልቧ ይሁን ከፊቷ መለየት አልቻሉም። ጉልበታቸውን እያሹ ተነሡ፤ ጠመኔውንም ከጠረጴዛው ላይ አነሡ።

«ኤፍራታ» አሉ፣ «ዳሱን አፍርሺና ተቀመጪ።»