አልጣሽና የዝግባው አበባ

ደኑ እስከ ሰው ደጃፍ ይደርስ በነበረበት ዘመን፣ ሰውና ጉም በአንድ መንገድ በሚተላለፉበት ዘመን፣ ጉምዳር በምትባል መንደር አልጣሽ የምትባል ሴት ነበረች። ሀብት አልነበራትም። ዘመድም አልበዛላትም። ከደኑ ጥግ አንዲት ጎጆ ነበረቻት፤ ጓንጉል የሚባል ባል ነበራት። ጓንጉል ቀፎ ሰቃይ ነበር። ረጃጅም ዛፍ ላይ እየወጣ ቀፎ ይሰቅላል፤ ማሩ ሲደርስ በጠፍር ወጥቶ ይቆርጣል። እሱ ሲወጣ አልጣሽ ከሥር ትቆማለች። የጠፍሩን ጫፍ ይዛ ትጠብቃለች። ማሩን በቅርጫት ሲያወርድላት ትቀበላለች። እንዲህ እያሉ ኖሩ።

አንድ ቀን፣ ጥቅምት ሊገባ ሲል፣ ጓንጉል ከትልቁ ዝግባ ላይ ማር ሊቆርጥ ወጣ። ያን ዝግባ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፈውም። ከቅርንጫፉ የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሎ የሽማግሌ ጺም ይመስላል። ጓንጉል ግማሹን እንደወጣ ጉሙ ወረደ። መጀመሪያ ራሱ፣ ቀጥሎ ወገቡ፣ በመጨረሻ እግሩ ተሰወረ። ጠፍሩ ግን በአልጣሽ እጅ ውስጥ ይንቀሳቀስ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ጠፍሩ ላላ።

"ጓንጉል" ብላ ተጣራች።

"መጣሁ" አላት ከላይ።

ጠበቀች። አልመጣም። ደግማ ተጣራች። መልስ የለም። ጉሙ ሲገለጥ ጠፍሩ ከባላው ላይ እንደታሰረ ተንጠልጥሏል። ቀፎው አልተነካም። ንቦቹ ጸጥ ብለዋል። ጓንጉል የለም።

የመንደሩ ወንዶች መጡ። ከሥር ፈለጉት፤ አልወደቀም። ወጥተው ፈለጉት፤ ከላይም የለም። አውሬ በላው እንዳይባል ደም አልፈሰሰም። ኮበለለ እንዳይባል ሰው ከዛፍ ጫፍ ወዴት ይኮበልላል? ወጣ፤ አልወረደም። ከዚህ ሌላ የታወቀ ነገር የለም።

ጉምዳር ጥብቅ ወግ ነበራት። ሬሳ ከሌለ ቀብር የለም። ቀብር ከሌለ ለቅሶ የለም። ለቅሶ ከሌለ ጥቁር አይለበስም፤ "እግዜር ያጽናሽ" የሚልም አይመጣም። ስለዚህ አልጣሽ ባል ያላት ሚስት አልሆነችም፤ ባል የሞተባት ሴትም አልሆነችም። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኛት የሚላት ይጠፋውና ስለ ዝናቡ ያወራላታል። እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ባሏ የት እንዳረፈ አውቃ፣ ከሰው መሀል ተቀምጣ፣ እንደ ሰው ማልቀስ።

ዓመቱ ዞሮ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጠፍሩ ከታሰረበት ባላ ላይ ነጭ አበባ ፈነዳ። ቅጠሉ ወፍራም ነው። ሥሩ አፈር ሳይነካ እንደ ጣት በአየር ላይ ተንጠልጥሏል። አበባው ኮከብ ይመስላል፤ ከኮከቡ ኋላ ቀጭን ረጅም ጭራ ወርዶለታል። ቀን አይሸትም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን፣ ነፋስ ሳይኖር፣ ሽታው ከዛፉ ወርዶ መንደሩን ያዳርሳል። ከሽታው ጋር "መጣሁ" የሚል ድምፅ ይሰማል። ላሞች ጆሯቸውን ያቆማሉ። ሰው በሩን ይዘጋል። አልጣሽ ብቻ ወጥታ ከዝግባው ሥር ትቀመጣለች።

"አንተ ነህ?" ትለዋለች።

"መጣሁ" ይላል። አይመጣም።

የዚያ አገር ባላባት ሚስት እመት ብርቅነሽ ይባሉ ነበር። አንዲት ልጃቸውን ቀብረው ሐዘኑ ገና ያልወጣላቸው ሴት ነበሩ። አንድ ማምሻ በበቅሎ ሲያልፉ ሽታው ደረሳቸው፤ የልጃቸው ጠጉር ሽታ መሰላቸው። በቅሎዋን አቁመው አለቀሱ። በማግሥቱ ሎሌዎቻቸውን ልከው አበባውን ከነሥሩ አስወረዱት። ደኑም መሬቱም የሳቸው ነውና አልጣሽ እንቢ ማለት አልቻለችም። ይህ አበባ አፈር አያውቅም፣ እመቤቴ፣ ብላ ብቻ ለመነቻቸው። እመት ብርቅነሽ ክፉ ሰው አልነበሩም። ለወደዱት ነገር ጥሩ የሚሉትን ሰጡት። ከጓሯቸው ጥቁር አፈር አስቆፈሩ። ፍግ አስጨመሩ። ሥሩን እስከ አንገቱ አስቀበሩ። ጧትና ማታ ውሃ አስጠጡት።

መጀመሪያ ቤቱ በአበባው ሽታ ታወደ፤ ሰዉ ተደሰተ። ኋላ ሽታው ከበደ። ከዚያ ከጓሮው ድምፅ መሰማት ጀመረ። "መጣሁ" አይልም። አፉን አፈር የሞላው ሰው ሊናገር ሲታገል የሚያሰማው ዓይነት ነበር። ሎሌዎቹ ወደ ጓሮ መውጣት ተዉ። ውሻው ከአጥር ውጭ ማደር ጀመረ። በመጨረሻ እመት ብርቅነሽ ራሳቸው ወጡ፤ ተንበርክከው ጆሯቸውን ከመሬት ላይ አደረጉ። ሲነሡ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። አልጣሽን አስጠሯት።

"ውሰጂልኝ" አሏት። "እኔ ልጄን ቀብሬያለሁ። ያንቺ ሰው ግን መቀበር እንቢ ብሏል።"

አልጣሽ በእጇ ቆፈረች። ሥሩ ጠቁሮ፣ ሟሙቶ፣ እንደ በሰበሰ ጎመን በጣቷ መሀል ቀረ። ደህና የነበሩት አንድ ሥርና ጥቂት ቅጠል ብቻ ነበሩ። በነጠላዋ ጠቅልላ ወሰደችው። አበባው የአፈር ልጅ አልነበረም።

ወደ ዝግባው ልትመልሰው ትችል ነበር። አልመለሰችውም። ይህን ያህል ከተንከራተተ ወደ ቤቱ ይግባ ብላ አሰበች። ከጎጆዋ መሀል ካለው ምሰሶ ላይ አሰረችው። ምሰሶውን ከደን አምጥቶ የተከለው ጓንጉል ነበር። እራት ስትበላ ፊቷን ወደ ምሰሶው ታዞራለች። የጠፋችው ዶሮ ከየት እንደተገኘች፣ ጣሪያው በየት በኩል እንደሚያፈስ ትነግረዋለች። ውሃ ታርከፈክፍበታለች። የጎጆው ጭስ ግን እዚያው ይዞር ነበር እንጂ መውጫ አልነበረውም። ብርሃንም በበሩ ብቻ ነበር የሚገባው።

ጎረቤቷ ውድነሽ እሳት ልትጭር መጣች። ውድነሽ ሰው ላይ ቀልድ ሳትጥል የማትውል ሴት ነበረች። ፍም የምትወስድበትን ገል እንደያዘች ምሰሶውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

"ባልሽ ምሰሶ ሆነ አሉኝ" አለቻት። "ምን አለብሽ፣ እቴ። የኔው ምሰሶ እራት ይጠይቃል።"

አልጣሽ ባሏ ከጠፋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሁለቱም ሳቁ። ሲስቁ ምሰሶው ሳለ። ጭስ የገባበት ሰው እንደሚስለው፣ ደረቅ ሳል፣ ከውስጥ። ውድነሽ ገሏን ከነፍሙ ጥላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ቤት እሳት ሊጭር የመጣ ሰው የለም።

ሳሉ በየማምሻው ባሰ። ቅጠሉ እንደ አሮጊት እጅ ተጨማደደ። ሥሩ አረንጓዴ መሆኑ ቀርቶ እንደ አጥንት ነጣ። ብታጠጣው ያው ነው፤ ብታወራውም ያው ነው። አንድ ማለዳ ቅጠል ወድቆ አገኘች። በመዳፏ ይዛው ብዙ ተቀመጠች። ጓንጉል ሊሞትባት መሆኑን አወቀች፤ አሁንም ሬሳ እንደማይኖራት አወቀች። አበባው የቤት ልጅም አልነበረም።

በዚህ መሀል ከደኑ ሌላ ነገር መጣ። አበባው ከወረደ ወዲህ ዝግባው አላረፈም። ጉም ሲወርድ ጠፍሩ ነፋስ ሳይኖር ይወዛወዛል። አንዲት ልጅ ጥጃ ልትፈልግ ወጥታ ጠፋች። ሲፈልጓት ከዝግባው ሥር አገኟት። የጠፍሩን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ፣ ቀና ብላ ጉሙን ታያለች። እጇን በግድ አስለቀቋት። ምን ሆነሽ ነው ቢሏት፣ "ያዥልኝ ብሎኝ ነው" አለች።

የመንደሩ ጭቃ ሹም ቸኮል ይባል ነበር። እሱም መንደሩን ሰብስቦ ዝግባው ይቆረጥ አለ። አንድ ሰው ወስዷል፤ ሌላ እስኪወስድ አንጠብቅም አለ። የተቃወመ አልነበረም። ወንዶቹ መጥረቢያቸውን ስለው ወጡ። አልጣሽ አበባውን በጉያዋ ይዛ ቀድማቸው ደርሳ ነበር።

መቁረጣችሁን አልከለክልም፤ መጀመሪያ ግን እኔ ልውጣ አለቻቸው። በጉምዳር ሴት ዛፍ ላይ አትወጣም።

"ሴት ዛፍ ላይ ስትወጣ የት አይተሽ ነው?" አላት ቸኮል።

"ወንድ ወጥቶ ሲቀርስ እርስዎ የት አይተዋል?"

ቸኮል መጥረቢያውን አስቀመጠ። ጎንበስ ብሎ የጠፍሩን ጫፍ ራሱ ያዘ።

አልጣሽ ወጣች። ግማሹን እንደወጣች ጉሙ ወረደ። ራሷ ተሰወረ፤ ወገቧ ተሰወረ፤ እግሯ ተሰወረ። ወንዶቹ ቀና ብለው ቆሙ። ወፍ አይጮህም። ጠፍሩ በቸኮል እጅ ውስጥ ይንቀሳቀስ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ላላ።

"አልጣሽ" ብሎ ተጣራ።

"መጣሁ" የሚል ድምፅ ከላይ መጣ።

ድምፁ የሴት ነው ያሉ ነበሩ። የወንድ ነው ያሉም ነበሩ። ቸኮል ግን የሁለት ሰው ነው ብሎ እስኪሞት ድረስ ተናግሯል። ያን ቃል የሰሙት ሁሉ ከቃሉ በኋላ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ። አንደኛው መጥረቢያውን ጥሎ ሮጠ። ቸኮል ግን ጠፍሩን አልለቀቀም።

እላይ ስላየችው አልጣሽ የተናገረችው ጥቂት ነው። እዚያ አፈር የለም አለች፤ ጭስም የለም። ፀሐይዋ በቅጠል ተወንፍታ ትገባለች። ጉሙ መጥቶ ያረጥባል፤ ነፋሱ ወዲያው ያደርቃል። ቅርፊቱ ሻካራ ነው፤ ላዩን ለያዘ ሥር ይመቻል። ከባላው ላይ የዛፍ ሽበቱ ሰው እንደተቀመጠበት ሆኖ ተጋድሟል። እጇን ብታሳርፍበት ይሞቅ ነበር። አበባውን እዚያ አስቀመጠችው። ከነጠላዋ ጫፍ ክር መዘዘች፤ ገመደችው፤ ሳታጠብቅ ሳታላላ ከቅርፊቱ ጋር አሰረችው። ለባሏ ምን እንዳለችው ግን ለማንም አልተናገረችም።

ጠፍሩ ተወጠረ። ከጉሙ ውስጥ በመጀመሪያ እግሯ ወጣ። ከዚያ ወገቧ፣ ከዚያ ፊቷ። መሬት ስትረግጥ ቸኮል ክንዷን ያዘ፤ ሥጋ መሆኗን ለማወቅ ነው ይላሉ።

"ቦታውን አግኝቷል" አለቻቸው። "አሁን አልቅሱልኝ።"

ቸኮል መጥረቢያዎቹን አየ፤ ዛፉን አየ። ከዚያ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለበሰ። ወንዶቹም አዘቀዘቁ። ሬሳ ሳይኖር፣ ጉድጓድ ሳይቆፈር፣ ከዝግባው ሥር ለቅሶ ተቀመጡ። በጉምዳር እንዲህ ያለ ለቅሶ ታይቶ አያውቅም። ውድነሽ ንፍሮ ቀቅላ አመጣች፤ ያን ቀን አልቀለደችም። እመት ብርቅነሽ ከበቅሎ ወርደው ከአልጣሽ ጎን መሬት ላይ ተቀመጡ፤ "እግዜር ያጽናሽ" አሏት። አልጣሽም አለቀሰች። ድምፅ አውጥታ፣ ደረቷን እየመታች፣ የልቧ እስኪወጣ አለቀሰች።

ጥቁር ለበሰች። መቼ እንደምታወልቅ ግን ሽማግሌዎቹ መወሰን አቃታቸው፤ ሐዘን የሚቆጠረው ከቀብር ቀን ነበርና። ክሩ እስኪወድቅ እቆያለሁ አለቻቸው። ክሩን ማንም አልነካውም። ዝናብ መታው፤ በጋ አደረቀው፤ ዝናብ መልሶ መታው። አንድ መስከረም ክሩን በስብሶ፣ ተበጥሶ፣ ከዝግባው ሥር ወድቆ አገኘችው። ቀና አለች። አዳዲስ ሥሮች ቅርፊቱን እንደ እጅ ጨብጠውታል። አበባው ማንም ሳይዘው ቆሟል። ያን ማምሻ ሽታው መጣ። አልጣሽ ድምፁን ጠበቀች። ድምፅ አልነበረም። ወደ ቤቷ ገብታ ጥቁሯን አወለቀች።

ይህ ከሆነ ስንት ትውልድ እንዳለፈ የሚያውቅ የለም። ዛሬ ከተሜው ያን አበባ ኦርኪድ ይለዋል። ዓይነቱ ብዙ ነው ይላሉ፤ ከረግረግ ዳር በአፈር የሚበቅልም አለ፣ በጋውን ከመሬት በታች ተኝቶ ክረምት ሲመጣ የሚነሣ። የዛፉን ግን በጉምዳር ማንም በአፈር አይተክለውም፤ ማንም ወደ ቤት አያስገባውም። ሰው ሲሞት ከመግነዙ ጫፍ ክር ይመዘዛል። ዘመዶቹ ደን ገብተው ከተሰበረ ቅርንጫፍ ጋር የወደቀ አበባ ይፈልጋሉ። ጉም ከሚያልፍበት፣ ፀሐይ ተወንፍታ ከምትገባበት፣ ሕይወት ካለው ሽማግሌ ዛፍ ላይ በዚያ ክር ያስሩታል። ክሩ በራሱ እስኪወድቅ ሐዘን አይወጣም። የአንዱ በዓመት ይወድቃል፤ የአንዱ ይቆያል። ማንም ቀን አይቆጥርም፤ ማንም ክሩን አይበጥስም። ሐዘንተኛን በቃሽ፣ ተጽናኚ የሚላትም የለም። "ክሩ ወደቀ ወይ?" ብለው ብቻ ይጠይቋታል።

የኔ ከወንዙ ማዶ ካለው ወይራ ላይ ነው። ትናንት ሄጄ አየሁት። አንደኛው ሥር ቅርፊቱን መያዝ ጀምሯል። ክሩ አልወደቀም።