የመርዓዊ ውሻል

ሰው ድንበሩ ሲነካበት የሚጠራት አንዲት አባባል አለች፤ በአወላለዷ ግን ሁለት ወገን ይከራከራል። የአዛዥ ጓንጉል ዘሮች፣ «አያታችን የቤተ ክርስቲያኑን ግርዶሽ ምስጥ ስለ በላው ሊያስጠግኑት መጡ፤ አናጢው ግን ጠግቦ አዋረዳቸው» ይላሉ። የደብሩ ደብተራዎች ደግሞ፣ «ምስጥ በአጠገቡም አላለፈ፤ አዛዡ ለልጃቸው ሰርግ ሊወስዱት ነበር» ይላሉ። ግርዶሹ የወይራ እንደ ነበር፣ ወይራን ደግሞ ምስጥ በቀላሉ እንደማይደፍረው የሚያውቅ ሰው ወደ ደብተራዎቹ ያዘነብላል።

ግርዶሹ በቅኔ ማኅሌቱና በመቅደሱ መካከል የቆመ ነው። ቅዱሱን ምስጢር ከዓይን ይሰውራልና ካህናቱ «የመቅደሱ አጥር» ይሉታል። አናጢው መርዓዊ ሦስት ዓመት ሙሉ ሐረግና ጣዎስ፣ አንበሳና በግ ፈልፍሎበታል፤ ፊደል ያልቆጠረ ምእመን አንበሳው ከበጉ ጎን ተኝቶ ሲያይ ስብከት የሰማ ያህል በረጅሙ ይተነፍሳል። አንድም ምስማር የለበትም፤ ሁሉም በውሻል፣ በየመጋጠሚያው በተሰካ የእንጨት ሽብልቅ፣ የተያያዘ ነው። የትኛው ውሻል ቀድሞ እንደሚወጣ የሚያውቀው መርዓዊ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ቅዳሴ እንዳለቀ አዛዡ ከአሽከሮቻቸው ጋር ገቡ።

«ከሙሽሮቹ ጀርባ ይቆማል። ሦስት ቀን ነው፤ እስከዚያ የሐር መጋረጃ ሰቅላችሁ ቀድሱ» አሉ።

«ጌታዬ፣ ይህ የዳስ ጌጥ አይደለም» አለ መርዓዊ።

«እንጨት ፈለፈልህ እንጂ ሰማይ አልዘረጋህ! ፍታው።»

አሽከሮቹ ሳቁ። አንዱ ምሳሩን ከትከሻው አውርዶ፣ «እሱ ካልፈታው ይሄ ይፈታዋል» አለ።

የደብሩ አለቃ ፈጥነው ጠጋ አሉ። የመርዓዊን ክንድ ይዘው፣ «ልጄ፣ በአንተ እጅ ከተፈታ ይድናል፤ በእነሱ እጅ ከሆነ ማገዶ ነው። ስለ ድካምህ ስትል ፍታው» ብለው ለመኑት።

መርዓዊ ጣዎሶቹን አየ። አለቃ እውነታቸውን ነው፤ በሰላም ቢፈታው የሦስት ዓመት ሥራው ይተርፋል። ግን ዛሬ ለሰርግ የወጣ ነገ ለተዝካር ይወጣል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ከአዳራሹ አይመለስም። መዶሻውን አነሣ። አዛዡ ፈገግ አሉ። እሱ ግን ቀድሞ የሚወጣውን ዋናውን ውሻል በመንቀል ፈንታ ወደ ውስጥ መታው፤ ጫፉ ከእንጨቱ ጋር እኩል ሆኖ እስኪጠፋ ድረስ ደጋግሞ መታው።

«አሁን እኔም ልፈታው አልችልም» አለ። «የፈለገው ሰብሮ ይውሰደው፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ሕዝብ እያየ።»

«ነቅንቁት!» ብለው ጮኹ አዛዡ።

ሁለት አሽከሮች ይዘው ናጡት። ግርዶሹ ሲጥ አለ እንጂ አልላቀቅ አለ። ባለ ምሳሩ እጁን ሲሰነዝር፣ በዚያ ማኅሌት አርባ ዓመት የዘመሩት መሪጌታ ክንፉ መቋሚያቸውን እየተመረኮዙ መጥተው ጀርባቸውን ለግርዶሹ ሰጡ።

«የኔታ፣ ዘወር ይበሉ! ያገኝዎታል!» አለ መርዓዊ።

«ያግኘኝ» አሉ ሽማግሌው፣ ዓይናቸውን ከአዛዡ ሳያነሡ። «እኔ እዚሁ መቆምን መርጫለሁ፤ ምሳሩ በእኔ ይጀምር። አዛዥ፣ ሰርግ ይበሉት ውሰት ይበሉት ነገሩ አንድ ነው፤ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም!»