የቤዝ ክር ቅቅል

የሆቴሉ ባለቤት አቶ ሸዋቀና "ከእኔ በላይ ሙዚቃ አዋቂ የለም" ባይ ነበሩ። የሆቴላቸው የሙዚቃ ባንድ ቤዝ ጊታር ድምፁ ሲታፈንባቸው ቁም ሳጥን የሚያክል ስፒከር ገዙ። ድምፁ ግን እንደታፈነ ጮኸ።

አንድ ረቡዕ ቤዝ ተጫዋቹ የጊታሩን ክሮች ፈታ። እድፋቸው ሲለቅ ድምፃቸው ይጠራል ብሎ ወጥ ቤት ገባና በሽሮ ድስት ይቀቅላቸው ጀመር። አቶ ሸዋቀና ደረሱበት። ድስቱን አሸክመው እንግዶች ፊት አቆሙት።

"በጾም ድስቴ ሽቦ ትቀቅላለህ? በል፣ መረቁን እዚሁ ጭልጥ አድርግልኝ! አለዚያ ጊታርህን ይዘህ ውጣ!"

"እጠጣው ነበር ጋሼ፣ ግን ዛሬ ጾም ነው" አለ ቤዝ ተጫዋቹ።

"ሽቦ ደግሞ ምን ፍስክ አለው?" አሉ አቶ ሸዋቀና፣ ወደ እንግዶቹ ዞረው እየሳቁ።

"ሽቦውስ የጾም ነበር። እርስዎ ግን ቁርጥዎን በበሉ ቁጥር፣ እጅዎን እንኳ ሳይታጠቡ መድረክ ላይ ወጥተው ጊታሬን እየተቀበሉ፣ 'ቤዝ እንዲህ ነው የሚመታው' ሲሉኝ ከረሙ። እስካሁን ያስተማሩኝ ሁሉ፣ ይኸው፣ ሞራ ሆኖ ተንሳፍፏል።"